ቁጥሩ ወይስ ቦታው? በኢንተርኔት ድምፅ አሰጣጥ ስለሚታየው የመንጋ ባሕርይ

የመንጋ ባሕርይ የሚባለው ሰዎች የራሳቸውን ግምት ትተው ቀድመዋቸው የወሰኑትን ተከትለው ሲነጉዱ የሚታየው ነው። የንድፈ ሐሳቡን መሠረት አቢጂት ባነርጂ በአንድ በኩል፣ ቢክቻንዳኒ፣ ሂርሽላይፈርና ዌልች በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1992 ጥለውታል፤ በዚህ ላይ የጎላ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሣው ሐሳቡ ወደ ኢንተርኔት ድምፅ አሰጣጥ ሲሻገር ነው።

በዚህ ረገድ አዘውትሮ የሚጠቀሰው ሌቭ ሙችኒክ፣ ሲናን አራልና ሾን ቴይለር በ2013 በሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በአንድ የዜና መጋሪያ ድረ ገጽ በ5 ወራት ከተጻፉ 101,281 አስተያየቶች መካከል በዕጣ ለወጡት፣ ገና እንደተለጠፉ አንድ የድጋፍ ወይም የተቃውሞ ድምፅ ጨመሩባቸው። ድጋፍ የተጨመረለትን አስተያየት መጀመሪያ ያየው አንባቢ እሱም የመደገፍ ዕድሉ በ32 በመቶ አደገ፤ የመጨረሻው ውጤትም በአማካይ በ25 በመቶ ከፍ አለ። አንባቢ የሚነጉደው ቁጥር አይቶ ነው የሚለው ድምዳሜ የተለመደው ከዚህ በኋላ ነው።

ድምዳሜው ግን ከጥናቱ ከራሱ ጋር አይገጥምም። ተቃውሞ የተጨመረባቸውን አስተያየቶች ሌሎች አንባቢዎች በድጋፍ ስላካካሷቸው የመጨረሻ ውጤታቸው አልተጎዳም። ነገሩ ጭፍን መከተል ቢሆን ኖሮ ወደ ላይ እንደሠራ ሁሉ ወደ ታችም በሠራ ነበር። የተጨመረው ድጋፍ ተጽዕኖ በፖለቲካና በንግድ ርዕሶች ጎልቶ ሲታይ በምጣኔ ሀብትና በመረጃ ቴክኖሎጂ ርዕሶች አልታየም። ከሁሉ በላይ በዚያ ድረ ገጽ አስተያየቶች በድምፅ ብዛት አይደረደሩም ነበር። ስለዚህ 25 በመቶው የቁጥሩን ብቻ ጉልበት ይለካል እንጂ፣ ድምፅ ያገኘው ወደ ላይ በሚወጣበት ገጽ መንጋው ለምን እንደሚፈጠር አይናገርም።

ይህን ክፍተት የሚሞላው፣ በዚህ ክርክር ተገቢውን ቦታ ያላገኘው፣ ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ በ2006 ያወጡት የሙዚቃ ሙከራ ነው። 14,341 ተሳታፊዎች ከማይታወቁ ባንዶች 48 ዘፈኖች ቀረቡላቸው፤ እያዳመጡ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣሉ፣ የወደዱትንም ያወርዳሉ። የሌሎችን ምርጫ የሚያዩት እርስ በርስ በማይገናኙ 8 «ዓለማት» ተከፍለዋል። የ52ሜትሮ ባንድ «ሎክዳውን» የሌሎችን ምርጫ በማያየው ቡድን ዘንድ 26ኛ ሲሆን፣ በአንዱ ዓለም 1ኛ፣ በሌላው 40ኛ ወጣ።

ዋናው ነገር ግን የገጹ አቀራረብ ነው። በመጀመሪያው ዙር ዘፈኖቹ በ16 ረድፍና በ3 ዓምድ ያለ ደረጃ ተበትነው፣ ስንት ጊዜ እንደወረዱ አጠገባቸው ተጻፈ። በሁለተኛው ብዙ ከወረደው ጀምሮ በአንድ ዓምድ ተደረደሩ። ቁጥሩ በሁለቱም ዙር ይታያል፤ በታዋቂና በተረሳ ዘፈን መካከል ያለው ርቀት ግን በሁለተኛው ዙር በጣም ሰፋ። ታድ ሆግና ክሪስቲና ለርማንም ቁጥርን፣ ቦታንና ይዘትን ነጣጥለው ሲለኩ የቁጥሩን ተጽዕኖ የቦታው ግማሽ ያህል ሆኖ አግኝተውታል።

አደራደሩ ራሱ ቁጥሩን አጉልቶ ማሳያ ነው የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ያልታየ ነገር ግን ድጋፍም ተቃውሞም አያገኝም፤ ከታች የቀረውን አንባቢ አልደረሰበትም እንጂ አልናቀውም። እርግጥ ዘፈን መምረጥና በፖለቲካ አስተያየት ላይ ድምፅ መስጠት አንድ ስላልሆኑ ንጽጽሩ ጥንቃቄ ይሻል። ቢሆንም ያለው ማስረጃ ወደ ቦታው ያደላል፤ ቁጥሩን ደብቆ አደራደሩን እንዳለ መተውም ከሁለቱ ተጽዕኖዎች አነስተኛውን ብቻ ማስወገድ ነው።