«ቃመ» ስለተባለው ግሥ ትርጓሜና አመጣጥ

በድሬዳዋ ገጠር በምትገኘው በቢዮ አዋሌና በአካባቢዋ ማሽላ ይዘራል፤ ጫትም ይተከላል። ማሽላው ይበላል፤ ጫቱ ግን «ይቃማል» እንጂ «ይበላል» አይባልም። ይህ ግሥ ለቅጠሉ እንዴት እንደ ዋለ መመርመር የአገሩን ታሪክ ከመመርመር የሚለይ አይደለም።

የ«ቃመ» ቀዳሚ ትርጓሜ ዱቄትን፣ በሶን ወይም ቆሎን ሳያርሱ በእፍኝ ወደ አፍ መጣል ነው። የግዕዙ ግሥ «ቀምሐ» ሲሆን፣ ከእርሱ የሚወጣው «ቅምሕ» የተባለው ስም እህልን ያመለክታል። «በልዐ» «በላ» እንደ ሆነ ሁሉ «ቀምሐ»ም «ቀማ» በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ሐ ስትጠፋ ራብዑ ድምፅ ወደ መጀመሪያው ፊደል ተዛወረና «ቃመ» ተባለ። ትግርኛ ሐን ጠብቆ «ቀምሐ» ይላል። በዕብራይስጥ «ቄማሕ» ዱቄት፣ በዐረብኛ «ቀምሕ» ስንዴ ነው። እንግዲህ ቤተ ዘመዱ ሁሉ የእህል ነው።

ጫት በኢትዮጵያ ጽሑፍ ከጥንት ይታወቃል። የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ በ14ኛው መቶ ዓመት የኢፋት ገዥ የነበረው ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት ሊተክልባት እንደ ዛተ ይተርካል። ይሁን እንጂ ሕዝቦች አንዱን ድርጊት የሚሰይሙት በልዩ ልዩ መንገድ ነው። የመናዊው ቅጠሉ በጉንጭ ስለሚቆይ «ኸዘነ»፣ ማለት አከማቸ ይላል። ሶማልኛው «ቀይል» የሚለው ከዐረብኛው የቀትር ዕረፍት ወስዶ ነው። አማርኛው የተመለከተው እጅን ነው፤ ቅጠሉን ለቅሞ ወደ አፍ መጣሉ ቆሎ ከመቃም ጋር አንድ ነውና። በሐረርጌ ኦሮምኛም «ቀመኡ» ይባላል።

በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ። በኋላም ጫት በባቡርና በአውሮፕላን ወደ ጅቡቲ መላክ በጀመረ ጊዜ ቅጠሉ የገንዘብ ምንጭ ሆነ። በምሥራቅ ሐረርጌ ብዙ የማሽላና የቡና መሬት ለጫት ተለቀቀ፤ ገበሬውም ጫት ሸጦ እህል የሚሸምት ሆነ። ጫት ገበያ ያጣ ቀን ቤቱ እህል ያጣል።

ዛሬ በከተማ «እገሌ ይቅማል» ቢባል ሰሚው «ምን?» ብሎ አይጠይቅም። ግሡ ከእህል ወደ ቅጠል ተሻገረ፤ መሬቱም ተከተለው። ሆኖም የእህሉ ትርጓሜ «በሶ ቃመ» በሚለው አነጋገር ውስጥ ገና አልጠፋም።