የከባድ ቃላት ታሪክ በእንግሊዝኛ ቋንቋ

በ16ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝኛ ቋንቋ ከላቲን፣ ከግሪክና ከፈረንሳይኛ እጅግ ብዙ ቃላት ተውሷል። ላቲን ለተማረው ሰው የአዲሶቹ ቃላት ምሥጢር ግልጽ ነበር፤ ላልተማረው ግን ስብከቱም መጽሐፉም በገዛ ቋንቋው የቀረበለት እንቆቅልሽ ሆነበት።

ይህን ችግር በመገንዘብ ሮበርት ካውድሪ የተባለ መምህር 2,500 ያህል ከባድ ቃላትን በፊደል ተራ አሰልፎ፣ እያንዳንዱን በቀላል እንግሊዝኛ የሚፈታ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1604 ለንደን ላይ አሳተመ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ብቻ ከተዘጋጁት መዝገበ ቃላት የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገርለታል። በርእሱ ገጽ ላይ በተለይ የተጠቀሱት ተጠቃሚዎችም፣ የላቲን ትምህርት ቤት በር የተዘጋባቸው ሴቶች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1623 የወጣው የሄንሪ ኮክራም መዝገበ ቃላት ግን ከባዱን ቃል ከመፍታት አልፎ፣ ተራውን ቃል በከባድ ቃል ለመለወጥ የሚያገለግል ክፍል ጨመረ። በዚህም የቃላት ዕውቀት ከመረጃ መሣሪያነት ወደ መታያ ጌጥነት አዘነበለ።

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ እነዚህ ሁለት መንገዶች ዛሬም በተማሪው ፊት ይገኛሉ። የ«ኢላስቲሲቲ»ን ፍቺ በእንግሊዝኛ የሸመደደ መሐንዲስና፣ ብረት በልክ ተጭኖ ጭነቱ ሲነሳለት ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመለስበት ጠባይ መሆኑን ለግንበኛው በአማርኛ የሚያስረዳ መሐንዲስ እኩል አይደሉም። ካውድሪ የደከመው የሁለተኛውን ዓይነት ዕውቀት ለማስፋፋት ነበር።