የዘፈኖቻችን ስም ለምን የጥያቄ ምልክት ሆነ?

ሐዴራ ውስጥ፣ ጊቫት ኦልጋም ይሁን ቤት ኤሊዔዘር፣ የቤተሰብ ቴሌቪዥን ሥር ያለውን መሳቢያ ብትከፍቱ የሲዲ ክምር አይጠፋም። ማሕሙድ አሕመድ፣ አስቴር አወቀ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የቄሶች ጸሎት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያንን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጠው ብዙ ጊዜ የቤቱ ልጅ ነበር። ፕሮግራሙ ላይ የነካውና ያልነካው ማስተካከያ ዛሬ የምንሰማውን ወስኗል።

ከስሙ እንጀምር። አብዛኛው ሲዲ ላይ የዘፈን ስም አልተጻፈም፤ ያለው ድምፅና የትራኮቹ ርዝመት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ርዝመቱን ይዞ ኢንተርኔት ላይ ካለ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። መዝገቡን የሚሞሉት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። የኛ ሲዲ እዚያ ከሌለ «ትራክ 01» ብሎ ያልፈዋል።

እሺ፣ ልጁ በእጁ ልጻፍ ቢልስ? የመጀመሪያው የኤምፒ3 መለያ፣ አይዲ3 የሚባለው፣ ለርዕስ የሚሰጠው 30 ቦታ ብቻ ነበር። ዕብራይስጥ በዊንዶውስ ውስጥ የራሱ ኮድ ስለነበረው እንደምንም ይገባል። ግዕዝ ግን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም የግዕዝ ፊደል ይዞ የመጣው ገና ከቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች በላቲን ኮድ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ይለጥፉ ስለነበር ሌላ ማሽን ላይ ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናሉ። ስለዚህ «ትዝታ» በላቲን ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ተጻፈ፤ ፈልጎ ማግኘትም ጣጣ ሆነ።

ድምፁም ተነክቷል። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ አንድ ሰዓት ወደ 635 ሜጋባይት ይሆናል። በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ግን 58 ገደማ። ሃርድ ዲስክ ትንሽ በነበረበት ዘመን 128ን መምረጥ ሞኝነት አልነበረም። ነገር ግን ኤምፒ3 «ጆሮ አይለየውም» ያለውን ይጥላል፤ ድንገት የሚመታ ብረት ደግሞ ይከብደዋል፤ ከምቱ በፊት የሹክሹክታ ዓይነት ጥላ ይፈጥራል። የቄሶቻችን ጸሎት የሚታጀበው በነጋሪትና በቃጭል አይደል? ይህን ጸሎት ኬይ ካውፍማን ሸለመይ በ1973 ኢትዮጵያ ሄዳ ቀድታዋለች፤ በ1986 እዚህ እስራኤል ከቄሶች የተቀዳውን ደግሞ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የአይሁድ ሙዚቃ ጥናት ማዕከል በ2019 በሲዲ አሳትሞታል። እንዲህ ያለውን ሲዲ በ128 መገልበጥ፣ በኔ እምነት፣ ያሳዝናል።

ሌላም ወጥመድ ነበር። የዊንዶውስ ማጫወቻ «ሙዚቃውን ከቅጂ ጠብቅ» የሚል ምልክት ነበረው። እሱ ተደርጎ የተገለበጠ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ እምቢ ይላል። ኮምፒውተሩ ሲሞት ዘፈኑም አብሮ ሞተ ማለት ነው።

መሳቢያው አሁንም ካለ ሥራው እንደ አዲስ ሊሠራ ይችላል። ፍላክ ከ2001 ጀምሮ በነፃ አለ፤ መጠኑን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ከድምፁ ምንም አይጥልም፣ መለያውም ግዕዝን ይቀበላል። ከፍላክ ኤምፒ3 ማውጣት ይቻላል፤ ከኤምፒ3 ግን የተጣለው አይመለስም። ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒን የመሰለ ፕሮግራም ሲኖራችሁ ደግሞ ጥንቃቄ ያለውን የንባብ ስልት ምረጡ፤ እያንዳንዱን ክፍል ደጋግሞ አንብቦ ያስተያያል፣ ጭረት ያለበትን ይነግራችኋል። ስሙን ስትጽፉ እናትና አባታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ ሽፋን በሌለው ሲዲ ላይ የሚዘፍነው ማን እንደሆነ፣ ቄሱ ከየትኛው መንደር እንደመጡ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በቤት ኮምፒውተር የተቀዱትን ሲዲዎች አስቀድሙ፤ ቀለማቸው በብርሃንና በሙቀት ቶሎ ይበላሻል።