የአነስተኛ መኪናን ጉልበት ማሳደግ፦ የአባርት 500 አብነት

የመኪናን ጉልበት የሚጨምሩ ዕቃዎች በአምራቹ ዕውቅና ባለው ሻጭ ወርክሾፕ ቢገጠሙ ይመረጣል። አባርት 500 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ የቀረበችው ይህች አነስተኛ መኪና ባለ 1.4 ሊትር ተርቦ ሞተር ሲኖራት፣ ኃይሏም 135 የፈረስ ጉልበት ነበር። «ኤሴኤሴ» የተሰኘው የማሻሻያ ዕቃ በእንጨት ሳጥን ታሽጎ ለሻጩ ይደርስና በዚያው ይገጠም ነበር፤ ኃይሏንም ወደ 160 ያሳድገዋል።

ሳጥኑ የሚይዘው ግን ሞተር ነክ ዕቃ ብቻ አልነበረም። የሞተሩ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከመስተካከሉና የአየር ማጣሪያው ከመለወጡ ባሻገር፣ ቀዳዳ ያላቸው የፍሬን ዲስኮች፣ መኪናዋን ዝቅ የሚያደርጉ ሞላዎችና ባለ 17 ኢንች ቸርኬዎች ይገጠሙ ነበር። ጉልበት ሲጨምር የማቆም አቅምም አብሮ ማደግ ይኖርበታልና።

ሞተሩ ተጠናክሮ ፍሬኑ እንዳለ ከቀረ፣ አደጋው ለአሽከርካሪውም ለእግረኛውም ይተርፋል። ስለሆነም ባለንብረቱ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት፣ የሚገጠሙትን ዕቃዎች ዝርዝርና የአምራቹ ዋስትና የሚጸና መሆኑን በጽሑፍ መጠየቅ፣ ለውጡንም ለመድን ሰጪው ማሳወቅ ይገባዋል።