ትኋንና ንክሻው በመኖሪያ ቤት

ትኋን ክንፍ የሌለው፣ ጠፍጣፋና ቀይ ቡናማ መልክ ያለው፣ ደም ብቻ የሚመገብ ተባይ ነው። ሙሉ እድገት የደረሰው ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም ከምስር ፍሬ ጋር ይቀራረባል፤ በዓይንም ይታያል። ሰውን በዋናነት የሚነክሱት ዝርያዎች ሁለት ሲሆኑ፣ አንደኛው በሞቃት አገሮች ይበዛል። ተባዩ ቀን ቀን በአልጋ መጋጠሚያ፣ በፍራሽ ስፌት፣ በጠፍር አልጋ ማሰሪያ፣ በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ፣ በኮርኒስና በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ሥር ይደበቃል። ሌሊት ወጥቶ ከ3 እስከ 10 ደቂቃ ደም ከጠጣ በኋላ ወደ መደበቂያው ይመለሳል። ያለ ምግብ ለብዙ ወራት ሊቆይ ስለሚችል ቤቱን ለተወሰነ ጊዜ ዘግቶ መሄድ አያጠፋውም።

የትኋን መኖር የቤተሰቡን ንጽሕና ጉድለት አያመለክትም። ተባዩ የሚፈልገው ደምና መደበቂያ ነው፤ በንጹሕ ቤትም ሆነ በሆቴል ይገኛል። ይህን ባለመረዳት ችግሩን ከጎረቤት የሚደብቁ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ግድግዳ በሚጋሩ ቤቶች ውስጥ ግን አንዱ ቤት ብቻ ቢጸዳ ትኋኑ ከጎን ቤት ተመልሶ ይመጣል።

ንክሻውን ስለ መለየት

ትኋን ሲነክስ አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም። ምልክቱ በፊት፣ በአንገት፣ በክንድና በመሳሰሉት ያልተሸፈኑ የሰውነት ክፍሎች ላይ የሚወጣ የሚያሳክክ ቀይ እብጠት ሲሆን፣ አንዳንዴ በመስመር ይደረደራል። እብጠቱ በማግስቱ ወይም ከቀናት በኋላ፣ አልፎ አልፎም እስከ 14 ቀን ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል። በአንድ አልጋ ከሚተኙ ሁለት ሰዎች አንዱ ሰውነቱ ሲያብጥ ሌላው ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ቁስሉን ብቻ አይቶ የትኋን ነው ማለት አይቻልም፤ ቁንጫና ትንኝም ተመሳሳይ እብጠት ያስከትላሉ። በጣቶች መካከል የሚጀምርና ሌሊት የሚብስ ማሳከክ ደግሞ እከክ ሊሆን ስለሚችል በጤና ተቋም መታየት አለበት።

አስተማማኙ ማረጋገጫ የሚገኘው በአልጋው ላይ ነው። ፍራሹን ገልብጦ ስፌቱን በባትሪ ብርሃን ማየት ያስፈልጋል፤ ሕያው ትኋን፣ የተላጠ ቆዳ፣ 1 ሚሊ ሜትር የሚያህል ነጭ እንቁላል ወይም የቀለም ጠብታ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ከታየ ጥርጣሬው ይረጋገጣል።

ትኋን በንክሻው ለሰው በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም። ተስቦና ግርሻ የሚተላለፉት በልብስ ቅማል ነው። ይሁን እንጂ እንቅልፍ ማጣትና በመታከክ የሚመጣ ቁስል ቀላል ጉዳት አይደሉም። ንክሻውን በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ማስታገስና የልጆችን ጥፍር ማሳጠር ይመከራል። ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ሰውነት በስፋት ካበጠ ሕክምና ያስፈልጋል፤ መተንፈስ ካስቸገረ ደግሞ ሰዓት ሳይባክን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው።

ስለ ማጥፋት

ከትኋኑ ይልቅ ለሕይወት የሚያሰጋው ለማጥፋት ሲባል የሚደረገው ነው። ማላታይንን የመሰለ የሰብል መድኃኒት ፍራሽ ላይ መርጨት ሕፃናትን ይመርዛል። ለጎተራ እህል የሚደረገው የነቀዝ ክኒን በመኝታ ክፍል ከተቀመጠ ከአየር እርጥበት ጋር ተገናኝቶ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በተኙበት ሰዎችን ይገድላል፣ ወደ ጎረቤት ክፍልም ያልፋል። ነጭ ጋዝ መቀባትም የእሳት አደጋ አለው።

ሙቀት ግን ይሠራል። አንሶላ፣ ብርድ ልብስና ልብስ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በደረሰ ውሃ ሲታጠብ ትኋኑም እንቁላሉም ይሞታል። በአልጋ መጋጠሚያና ስንጥቅ ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስም ይረዳል፤ ልጆች በአቅራቢያ መኖር የለባቸውም። ፍራሽን ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም፤ ትኋኑ ወደ ጥላው ጎን ይሸሻል። አልጋውን ከግድግዳ ማራቅ፣ የተለጠፈ ወረቀት መላጥና ስንጥቅን መምረግ መደበቂያውን ያሳጣዋል። እንቁላል ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚፈለፈል ሥራው በየሳምንቱ መደገም አለበት፤ አንድ ጊዜ ጠርገው የሚተዉ ቤተሰቦች የሚቸገሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ፀረ ተባይ መጠቀም አስፈላጊ ከሆነ ለቤት ውስጥ አገልግሎት የተፈቀደውን ብቻ፣ በመለያው ላይ በተጻፈው መጠንና በሠለጠነ ሰው ማስረጨት ይገባል። በአቅራቢያ የሚገኝ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤቱን አይቶ ምክር ይሰጣል። ያገለገለ አልጋ፣ ፍራሽ ወይም ሶፋ የሚገዛ ሰው ዕቃውን ወደ ቤት ከማስገባቱ በፊት ስፌቱንና መጋጠሚያውን በደጅ መፈተሽ ይኖርበታል።