ከአርባው ቀን በኋላ፦ የሐረር የአራስነት ልማድና የአፍላ እናቶች አጥንት

አቦከር ከሐረሪ ክልል የከተማ ወረዳዎች አንዱ ቢሆንም፣ የአካባቢውን የአራስነት ልማድ ታሪክ ለመረዳት ከወረዳ ወሰን በፊት በጀጎል፣ ማለትም በግንብ በታጠረው ነባሩ የሐረር ከተማ፣ ያለውን ቤት መመልከት ያስፈልጋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደተገነባ የሚነገርለት ግንብ 48 ሄክታር ያህል ቦታ ከልሎ በአምስት በሮች ብቻ ከውጭ ሲያገናኝ፣ በውስጡ ያሉት ቤቶች ግቢ እየተጋሩ፣ ጀርባቸውን ለጠባቡ መንገድ ሰጥተው ተጠጋግተው ተሠሩ። ጌ ጋር የሚባለው ነባሩ የሐረሪ ቤት፣ ነደባ የተሰኙ ከፍታቸው የሚለያይ የመቀመጫ መደቦች ያሉት ዋና ክፍልና ሙሽሮች የመጀመሪያ ቀናቸውን የሚያሳልፉበት ኪርታት የተባለ ትንሽ ክፍል ሲኖረው፣ ብርሃን የሚያገኘው በአብዛኛው በበሩ በኩል ነበር። ከሙቀትና ከአላፊ አግዳሚ ዓይን የሚጠብቀው ይህ አሠራር የወለደችውን ሴትም ከፀሐይ ይጠብቃት ነበር፤ የአጥንት ጉዳይ የሚነሳውም በዚህ በኩል ነው።

አራስ ከቤት የማትወጣበት ጊዜ የሚቆጠረው በሃይማኖት ሕግ ነው። በሐረር የጸናው የሻፊዒይ የሕግ ትምህርት ኒፋስ፣ ማለትም ከወሊድ በኋላ የሚፈስሰው ደም፣ በተለመደው ሁኔታ 40 ቀን፣ ቢበዛ ደግሞ 60 ቀን እንደሚቆይ ያስቀምጣል፤ በከተማዪቱ የሚኖሩ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በበኩላቸው ወንድ የወለደችውን 40፣ ሴት የወለደችውን 80 ቀን ያቆያሉ። ቁጥሩ የተቀመጠው ለመንጻት እንጂ ለአካል ማገገሚያ አልነበረም። ቢሆንም የዕረፍት፣ የመታሰብና የመመገብ መብት በዚያው ቁጥር ላይ ተንጠላጥሎ ስለኖረ፣ ቀኑ ሲሞላ ወጣቷ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ይጠበቅባታል።

ልማዱ በምግብ በኩል ንፉግ አልነበረም። ደገኛው ለአራስ ገንፎና አጥሚት ሲያዘጋጅ፣ በሐረር ደግሞ በሑልባት፣ ማለትም በአብሽ፣ የሚሠራው መረቅ ይታወቃል፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢም ወተት ሲጨመርበት እንደ ምግብ ይቆጠራል። ወተቱ ግን ከግንቡ ውስጥ የሚታለብ አልነበረም፤ በአብዛኛው በዙሪያው ካሉ የኦሮሞ መንደሮች ሴቶች ተሸክመው በበሮቹ በኩል የሚያስገቡት ነበር። ስለዚህ ለአጥንት ዋነኛ ማዕድን የሆነው ካልሲየም በከተማው የሚገኘው በገበያ ነው፤ አቅም ያላት ትገዛለች፣ የሌላት ደግሞ በማሽላ ትቀራለች። የሐረርጌ ዋና እህል የሆነው ማሽላ በካልሲየም ከጤፍ እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገርም ማዕድኑን ይዞ በአንጀት በቀላሉ እንዳይመጠጥ ያደርገዋል፤ ሊጥ ሲቦካ ግን ይህ እንቅፋት በከፊል ይቀንሳል።

የአፍላ እናት ጉዳይ ከሌላዪቱ የሚለየው አጥንቷ ገና በመገንባት ላይ ስለሚሆን ነው። ሰው በጉልምስናው ከሚኖረው የአጥንት ማዕድን ሩብ ያህሉ የሚከማቸው በጉርምስና ወቅት እድገት በሚፈጥንባቸው ሁለት ዓመታት ሲሆን፣ የዳሌ አጥንት ደግሞ ቁመት ከቆመ በኋላም መስፋቱን ይቀጥላል። የምታጠባ እናት በቀን ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ካልሲየም በጡት ወተቷ ትሰጣለች፤ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን በዚህ ወቅት ዝቅ ስለሚል፣ ጡትም አጥንትን የሚያሟሟ ሆርሞን ስለሚያመነጭ፣ የአከርካሪ አጥንት እፍጋት (በአንድ ስፋት ውስጥ ያለው የማዕድን መጠን) በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከ3 እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ጉድለቱ የሚሞላው በአርባው ቀን አይደለም፤ ሕፃኑ ጡት ከተወ በኋላ ባሉት ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወራት ነው።

ከዚህ ተነስቶ ጡት ማጥባትን መኮነን ስህተት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 25 የሆነ ሴቶችን ሲመረምር፣ በአፍላነታቸው ወልደው ያጠቡት የአጥንት እፍጋታቸው ወልደው ካላጠቡት የሚያንስ ሆኖ አላገኘውም። የካልሲየም ክኒንም ቢሆን ቀላል መልስ አይደለም፤ ካልሲየም አነስተኛ በሆነበት የጋምቢያ ገጠር ለነፍሰ ጡሮች ሲሰጥ፣ ክኒኑን የወሰዱት እናቶች ከወሊድ በኋላ በዳሌያቸው አነስተኛ እፍጋት ታይቶባቸዋል። አካል ከኖረበት አመጋገብ ጋር መላመዱን ሳይመረምሩ የሌላ አገር መጠን ማዘዝ እንደማይበጅ ይህ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

የፀሐይ ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ግልጽ ነው። በርሊን ውስጥ ሐኪሙ ሁልድሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1919 በሰው ሠራሽ ጨረር የሕፃናትን የአጥንት መለስለስ ካዳነ በኋላ፣ ቆዳ ከፀሐይ ቫይታሚን ዲ እንደሚሠራና ያለ እርሱም ካልሲየም በሚገባ እንደማይመጠጥ እየተገለጠ መጣ። ካትሊን ቮን የተባለች ሐኪም በካሽሚር ከቤት የማይወጡ ሴቶችን አይታ እ.ኤ.አ. በ1928 በጻፈችው መጽሐፍ፣ ኦስቲኦማላሺያ የተባለው የአዋቂዎች አጥንት መለስለስ ዳሌን እያጣመመ ምጥን እንደሚያስተጓጉል አሳይታለች። ሐረር ከምድር ወገብ ብዙም ሳትርቅ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ለዚህ ትበቃለች፤ ጥያቄው የሚነሳው በቤት ጥላ ሥር የሚቆየው ጊዜ ከአፍላ ዕድሜና ከተደጋጋሚ ወሊድ ጋር ሲደራረብ ብቻ ነው።

ዕድሜን በሚመለከት ሕጉ ዘግይቶ ነው የደረሰው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴትን የጋብቻ ዕድሜ 15 ሲያደርግ፣ በሐረር የሙስሊሞች ጋብቻ በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ የተደነገጉትን የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች የተባሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ይመለከት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ወደ 18 ቢያሳድግም፣ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች 13 በመቶው ወይ ወልደው ወይ አርግዘው ተገኝተዋል። ዳሌያቸው ሳይሰፋ ወልደው የተጎዱትን የሚያክመው የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የተከፈተው ተቋም፣ በሐረርም ማዕከል አለው።

የሚያስገርመው፣ ዘመናዊው ሕክምናም ከልማዱ ጋር በቁጥር መገጣጠሙ ነው፤ የድኅረ ወሊድ ጊዜ ብሎ የሚቆጥረው 42 ቀን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የእናት ክትትል ይዘጋል። በዚያው ሰሞን በብዙዎች ዘንድ የሚመረጠው የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌም፣ በተለይ በአፍላዎች ላይ የአጥንት እፍጋትን በመጠኑ ስለሚቀንስ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ18 ዓመት በታች ላሉት ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ እያስረዳ በጥንቃቄ ይፈቅደዋል። አፍላዋ እናት ሕፃኗን ለኩፍኝ ክትባት በ9 ወሩ፣ ለሁለተኛው ዙር ደግሞ በ15 ወሩ ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ትመለሳለች፤ ይህም አጥንቷ ካጣው ገና ላያገግም የሚችልበት ጊዜ ሲሆን፣ ክትባቱና ክብደቱ የሚመዘገበው ግን የልጁ ብቻ ነው።