መነሻ መላሽ ምልክት

በተለምዶ «ሪሴት ሲግናል» የሚባለው፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ እንዳይጀምር ይዞ የሚያቆይና ሲለቀው ሁልጊዜ ከአንድ ከታወቀ ቦታ እንዲነሣ የሚያደርግ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ስልኮቻችን ላይ «ዳግም ማስጀመር» ተብሎ ተለምዷል። ማዘርቦርድ ላይ ግን ማሽኑ ገና ሲበራም ስለሚሠራ «ዳግም» አይስማማውም፤ «መነሻ መላሽ» ይሻለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን አይቢኤም ፒሲ እንውሰድ። ማብሪያው ሲጫን 5 ቮልቱ ባንዴ አይሞላም። ቮልቴጁ ሳይረጋጋ 8088 ፕሮሰሰር ቢነሣ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ኃይሉ እስኪረጋጋ ይጠብቅና «ፓወር ጉድ» በሚባለው ሽቦ ያሳውቃል። መልእክቱን 8284ኤ የተባለው የሰዓት ቺፕ ይቀበልና ከሰዓት ምቱ ጋር አስማምቶ ወደ ፕሮሰሰሩ 21ኛ እግር ያስተላልፋል። ይህ እግር 5 ቮልት አካባቢ ሳለ ፕሮሰሰሩ እንደታገደ ነው። ወደ ዜሮ ሲወርድ ይለቀቅና የመጀመሪያ ትእዛዙን ከባዮሱ፣ የ1 ሜጋባይቱ አድራሻ ሊያልቅ 16 ባይት ሲቀረው ካለው ቦታ ያነባል።

አሮጌ ማሽን በርቶ ጭጭ ሲል ብዙ ሰው ፕሮሰሰር ወይም ሜሞሪ ለመቀየር ይቸኩላል። እኔ አጥብቄ የምመክረው አስቀድሞ 21ኛውን እግር በመልቲሜትር መለካት ነው። 5 ቮልቱ አልወርድ ካለ ፕሮሰሰሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ታግዶ ሊሆን ይችላልና ወደ ኋላ ተመልሰው የ8284ኤን 11ኛ እግር ይለኩ። ዜሮ ከሆነ «ፓወር ጉድ» አልደረሰም። ይህ ማለት ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቷል ማለት ብቻ አይደለም፤ የነዚህ ቦርዶች ታንታለም ካፓሲተሮች ሲያረጁ ሾርት ያደርጋሉ፤ በ12 ቮልቱ መስመር ላይ አንዱ ሾርት ካደረገ ፓወር ሰፕላዩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ «ፓወር ጉድ»ን ላይልክ ይችላል።

11ኛው እግር 5 ቮልት እያሳየ መውጫው፣ ማለትም 10ኛው፣ አልወርድ ሲል ቺፑን ለመንቀል አይቸኩሉ። ምልክቱ የሚሸጋገረው በሰዓት ምት ስለሆነ የ14.31818 ሜጋኸርዙ ክሪስታል ካልሠራ እገዳው አይነሣም። ይህን አለማጤን ብዙ ደህና ቺፕ ያለ ጥፋቱ ያስጥላል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል፦ ማሽኑ ከበራ ጀምሮ የፕሮሰሰሩ 21ኛ እግር ዜሮ ሆኖ እገዳው ጨርሶ ሳይመጣ ይቀራል። አጭር ምት መልቲሜትር አይታየውም፤ ሎጂክ ፕሮብ ያስፈልጋል። ማሽኑ እንደበራ 11ኛውን እግር ለአፍታ ከግራውንድ ጋር ሲያገናኙት ከተነሣ ችግሩ «ፓወር ጉድ» ያለጊዜው መምጣቱ ነው።

በኮሞዶር 64 አቅጣጫው ይገለበጣል፦ የ6510 ፕሮሰሰር 40ኛ እግር ዜሮ ሲሆን ያግዳል፣ ወደ 5 ቮልት ሲወጣ ይለቃል። ስለዚህ እዚያ እግር ላይ 5 ቮልት ማግኘት የጤና ምልክት ነው።